«ጋሼ፣ ጥይት መትቶዎት ያውቃል?»



የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ታሪኩን የጻፍኩት በባለታሪኩ ፈቃድ ነው። ማንነታቸው እንዳይለይ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬአለሁ። «ጻፈው፤ ሌላው ሰው እንደ እኔ ደብቆ እንዳይሰቃይ» ያሉኝም ራሳቸው ናቸው።

ጥር በባተበት ሌሊት ነው። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ጎንደር በዚያ ሰሞን እንግዳ ይበዛባታል፤ ገና አልፎ ጥምቀት ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም የሚመጣው ሰው ከተማውን ይሞላዋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ጋቢ የተከናነቡ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አባት ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በልጃቸውና በአማቻቸው ተደግፈው ወረዱ። ከደባርቅ በላይ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው የመጡት። ያንን መንገድ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ በኩል በሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ ሽንት ተዘግቶ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ብቻ ነው የሚያውቀው።

ጠዋት ከሸኑ በኋላ አንዲት ጠብታ አልወጣቸውም። ከእምብርታቸው በታች ስነካቸው ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ብዙዎቻችን ፊኛችን ውስጥ ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ሚሊ ሊትር ሲጠራቀም ሽንት ቤት እንፈልጋለን። እኚህ አባት የሽንት ቱቦ ሲገባላቸው 1.2 ሊትር ወጣ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እፎይታ አልረሳውም። ሲስተሯን እጇን ይዘው መረቋት፤ እኔንም አስከትለው መረቁኝ።

ከዚያ ጥያቄዬን ጀመርኩ። ስህተቴም እዚሁ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ከዚህ በፊት የፕሮስቴት ሕመም ነበረብዎት? ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል? የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ልጃቸው አልጋው አጠገብ ቆማለች። ዐየት አደረጓትና «ኧረ ምንም የለብኝ፤ ብርዱ ነው» አሉ።

አመንኳቸው። በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ሽንት ሲዘጋበት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ ነው። ካርዳቸው ላይም ይህንኑ ጻፍኩ። ጠዋት ከቀዶ ሕክምና ባልደረቦቼ ጋር ተነጋግረን ቱቦው ለጥቂት ቀናት ይቆይ፣ ሲወጣ መሽናት ካልቻሉ ግን በሽንት ቧንቧ በኩል መሣሪያ ገብቶ ዕጢው ይፋቅ ወደሚለው አዘነበልን። ለተራ የፕሮስቴት ማበጥ ይህ ትክክለኛ ሕክምና ነው። ለእኚህ አባት ግን ዕድሜ ልካቸውን ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ ጥፋት ሊሆን ይችል ነበር።

ያዳነን ሳል ነው። ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር የደረት ራጅ አዘዝኩ። ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ስመለከት ሳንባቸው ጤናማ ነው፤ በቀኝ በኩል ከታች ግን አንዲት ደማቅ ነጭ ጭረት አለች። ከሩዝ ፍሬ የቀጠነች፣ ሁለቱም ጫፏ የተስተካከለ። የድሮ የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይታይም። ብረት መሆን አለበት አልኩ። በእኛ አካባቢ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ደረት ውስጥ ብረት ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ያው ነው።

«ጋሼ፣ በወጣትነትዎ ጥይት መትቶዎት ያውቃል?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ጥይትስ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ስንወጣ በጆሮዬ ሥር አልፎ ያውቃል። መትቶኝ ግን አያውቅም።» ከዚያ ዝም አሉ። ራጁን እጄ ላይ እያዩ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እስኪ እሷን ወጣ ብላ ቡና እንድትጠጣ ንገርልኝ» አሉኝ።

ልጃቸው ስትወጣ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ፓስፖርታቸውን አወጡ። በውስጡ በፕላስቲክ የተለበጠች ትንሽ ካርድ አለች። በእንግሊዝኛ የተጻፈችው ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦ ይህ ሰው በፕሮስቴት ዕጢው ውስጥ 84 የአዮዲን-125 የጨረር ፍሬዎች ተተክለውለታል። ቀኑን ቆጠርኩት። ልክ ስልሳ ቀን ገደማ ሆኖታል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስለዚህ ሕክምና ተማሪ ሳለሁ አንብቤአለሁ እንጂ የተደረገለት ሰው በዓይኔ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። በአገራችን የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት ማሽን ነው፤ ለረጅም ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል እሱ ነበር። እሱም ጨረርን ከሰውነት ውጭ ሆኖ የሚልክ ማሽን ነው። ፍሬ እየተተከለ የሚሰጠው የፕሮስቴት ሕክምና እኛ ጋ የሚደርሰው እንዲህ በእንግዳ ሰውነት ውስጥ ተሳፍሮ ነው።

ነገሩ ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። እያንዳንዷ ፍሬ 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመትና ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ውፍረት አላት። ሽፋኗ ታይታኒየም የሚባል ብረት ነው፤ ውስጧ ጨረር የሚያመነጭ አዮዲን አለ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ፣ በብልት ከረጢትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል በረጃጅም መርፌዎች ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ዕጢው ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ሆድ አይከፈትም። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ቤቱ ይገባል። (እኚህ አባት «ቀዶ ሕክምና አልተደረገልኝም» ሲሉኝ እንግዲህ ሙሉ በሙሉ አልዋሹኝም!) ካንሰሩ ከዕጢው ሳይወጣ በጊዜ የተገኘለት ሰው በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ በደንብ ይታከማል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የስልኩ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1903 በጻፈው ደብዳቤ ሬዲየምን በመስታወት ውስጥ አሽጎ ዕጢው መሐል ማስገባት ለምን አይሞከርም ብሎ ነበር። ዛሬ የምናውቀው በአልትራሳውንድ እየታየ የሚሠራው ዘዴ ግን በ1980ዎቹ በዴንማርክ ተጀምሮ፣ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ሐኪሞች እጅ የተስፋፋ ነው።

ፍሬዎቹ ተመልሰው አይወጡም። የአዮዲን-125 ጉልበት በየስልሳ ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። በሁለት ወር ግማሹ ይቀራል፣ በአራት ወር ሩቡ፤ ዓመት ሲሞላው ከመጀመሪያው ጉልበት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ከዚያ በኋላ ዕጢው ውስጥ የሚኖረው የማይጎዳ የብረት ቁራጭ ነው።

እንግዲህ ከ84ቱ አንዷ ሳንባ ውስጥ ምን ትሠራለች?

ፕሮስቴትን የከበቡት ደም መላሽ ሥሮች ብዙና ሰፋፊ ናቸው። አንዳንዴ አንዲት ፍሬ ወደ እነዚህ ሥሮች ትገባና በደም ጎርፍ ተወስዳ በልብ ቀኝ በኩል አልፋ ሳንባ ትደርሳለች። እዚያ ሥሮቹ እየጠበቡ ስለሚሄዱ ትቀረቀራለች። ሳንባ እንደ ወንፊት ነው፤ ያጠልላል። ይህ ሰው እንደሚገምተው ብርቅ አይደለም፤ ሕክምናው በብዛት በሚሰጥባቸው አገሮች ሐኪሞች በክትትል ራጅ ላይ ያገኙታል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ምንም አይሰማውም፣ ምንም ሕክምናም አያስፈልገውም። ብርቅ የሆነው ከዚህ ያለፈው ነው። በዓለም ላይ በተመዘገቡ ጥቂት ታሪኮች ፍሬዋ ልብ ውስጥ ተገኝታለች፤ በአንድ ሕመምተኛ የልብ ደም ቅዳ ቧንቧ ውስጥ ገብታ ከልብ ድካም አደጋ ጋር ተያይዛለች፤ በጃፓን ደግሞ በሳንባ የተቀመጠች አንዲት ፍሬ በዙሪያዋ ያለውን የሳንባ ክፍል አስቆጥታለች። ኩላሊት የደረሰችበትም ታሪክ አለ። እነዚህን የምነግራችሁ ልታውቋቸው እንጂ እንድትፈሩ አይደለም። ይህን ለመቀነስ ብለው ፍሬዎቹን በሚሟሟ ክር አያይዘው የሚተክሉ ሐኪሞች አሉ።

ወደ እንግዳችን ልመለስ። ፍሬዎቹ በተተከሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ዕጢው በመርፌውም በጨረሩም ያብጣል፤ የሽንት ቧንቧ ደግሞ በመሐሉ ነው የሚያልፈው። ሽንት ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ይቀጥናል፤ አንዳንዱ ሰው ላይም ጭራሽ ይዘጋል። ሐኪሞቻቸው ይህን አውቀው ታምሱሎሲን የሚባለውን፣ የሽንት መውጫን የሚያላላ መድኃኒት ሰጥተዋቸው ነበር። ታዲያ ምን ሆነ?

አቆሙት። «ልጄ ቤት ነው ያረፍኩት፤ ማታ ማታ ክኒን ስውጥ ብታየኝ ምንድን ነው ትለኛለች» አሉኝ። ከዚያ ለገና ወደ ተወለዱበት መንደር ወጡ። ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ የታኅሣሥ ውርጭ ነው። ጉንፋን ያዛቸው። ከመድኃኒት ቤት የጉንፋን ክኒን ገዙ። ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ አፍንጫ የሚያደርቁት መድኃኒቶች፣ ክሎርፌኒራሚንና ሱዶኤፌድሪን የሚባሉት፣ የፊኛን መጨመቅ ያዳክማሉ ወይም የፊኛን መውጫ ያጠብባሉ። ጤነኛ ወጣት ይህ አይሰማውም። ፕሮስቴቱ ያበጠ ሰው ግን በአንድ ሌሊት ሊዘጋበት ይችላል። ለሁሉም ወንድ አንባቢ የምነግረው ነው፤ የጨረር ፍሬ ይኑረው አይኑረው። ዕድሜዎ ገፍቶ ሽንትዎ የሚቀጥን፣ የሚቆራረጥ፣ ሌሊት ደጋግሞ የሚያስነሳዎት ከሆነ የጉንፋን ክኒን ሲገዙ ለፋርማሲስቱ «የፕሮስቴት ችግር አለብኝ» ይበሉት።

የቀረውን ደግሞ በዓል ጨመረው። ጠላው ነበር፤ አንድ ሁለት መለኪያ አረቄም ነበር። መኪና ከማይገባበት ቦታ የሁለት ሰዓት የበቅሎ መንገድም ነበር። የሰጧቸውን የመመሪያ ወረቀት በኋላ አሳይተውኝ ነበር፤ ለጊዜው ብስክሌት አይንዱ ይላል፣ ምክንያቱም መቀመጫው ያንኑ ያበጠ ቦታ ይጫናል። «ስለ በቅሎ ግን ምንም አይልም» አሉኝ ኮስተር ብለው። ምን እላለሁ!

አሁን ያን የመፋቅ ቀዶ ሕክምና ለምን እንደፈራሁት ልንገራችሁ። ጨረር የነካው ሥጋ ደም በቅጡ ስለማይደርሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ዕጢው ከተፋቀ ቦታው ሊሞት፣ ሽንትን የሚቆጣጠረው ጡንቻ ሊጎዳና ሰውየው ዕድሜ ልኩን ሽንቱ የሚያመልጠው ሊሆን ይችላል። የሚፋቀው ሥጋ ውስጥም ገና ጨረር የሚያመነጩ ፍሬዎች አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ መታገሥ ነው፤ በቱቦ፣ በመድኃኒት፣ በጊዜ። ካርዷን ካየሁ በኋላ ወደ ባልደረቦቼ ደውዬ ዕቅዱን አስቀረነው። ማታውኑ፣ እዚያ ሲነጋላቸው፣ ካርዷ ላይ ባለው ስልክ አሜሪካ ደወልን። ያከሟቸው ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁት «ዕጢውን ነካችሁት?» ብለው ነው። አልነካነውም ስላቸው የተነፈሱት ትንፋሽ በስልክ ተሰማኝ።

ሌላም አለ፤ ለሐኪሞችም ለታማሚዎችም። ፕሮስቴት ፊንጢጣን ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። ጨረሩ የፊንጢጣን የፊት ግድግዳ ሊነካና ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ ከሰገራ ጋር ጥቂት ደም ሊታይ ይችላል። ደም ያየ ሰው ደግሞ ይደነግጣል፤ ተገቢም ነው። ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፣ በመሣሪያ ይታያል፣ ቁስል ይገኛል፣ ሐኪሙም ካንሰር እንዳይሆን ብሎ ባዮፕሲ የሚባለውን ናሙና ሊቆርጥ ያስባል። ታሪኩን ያላወቀ ሐኪም ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጨረር የነካው ግድግዳ ከተቆረጠ ወይም ከተተኮሰ ላይድን ይችላል፤ በፊንጢጣና በሽንት ቧንቧ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። ፊስቱላ ስንል በአገራችን የሚታወሱን በወሊድ የተጎዱ እናቶች ናቸው። ወንድም ላይ እንዲህ ይመጣል፤ ለመጠገንም በጣም አስቸጋሪ ነው። እናም የጨረር ፍሬ ያለው ሰው ከሰገራው ደም ካየ መጀመሪያ አፉን ከፍቶ የሚናገረው ቃል «ፕሮስቴቴ ውስጥ የጨረር ፍሬ አለ» የሚለው መሆን አለበት።

ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ አንድ ሌላ ድንጋጤም አለ። ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ወርዶ ወርዶ ድንገት ትንሽ ከፍ ይልና በራሱ ተመልሶ ይወርዳል። ካንሰሩ ተመለሰ ብለው እንቅልፍ የሚያጡ አሉ። አንድ ውጤት ብቻ አይታይም፤ ተደጋግሞ ይለካል።

እስካሁን ስለ ሰውነታቸው ነው የነገርኳችሁ። እኚህን አባት ከሽንቱ መዘጋት በላይ ያሰቃያቸው ግን ሌላ ነበር።

ልጃቸው የሁለት ዓመት ልጅ አለቻት። አባቷ ከአሜሪካ ሲመጡ የመጀመሪያዋን የልጅ ልጃቸውን ገና ማየታቸው ነው። ሕፃኗን አላቀፏትም። ጭናቸው ላይ ልትወጣ ስትመጣ ይነሣሉ፤ ሲቀመጡ ከእሷ ራቅ ብለው ነው። ሁለተኛዋን ያረገዘችው ልጃቸው አጠገባቸው ስትቀመጥ ወንበር ይቀይራሉ። ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው እንዲህ ሲሆኑ። ልጅቱ ኮሪደሩ ላይ ይዛኝ ያለቀሰችው ለዚህ ነው። «ዶክተር፣ አባዬ ተለውጦብኛል። አሜሪካ ሰው አደነደነው። ልጄን ተጸየፋት» አለችኝ። እኔ ይህን በሰማሁ ጊዜ ምክንያቱን አውቄዋለሁ፤ የሳቸው ምስጢር ስለሆነ ግን መናገር አልችልም። ሙያችን ውስጥ ከሚከብዱኝ ሰዓቶች አንዱ ይህ ነው።

ተመልሼ ገባሁና «ጋሼ፣ ልጅዎ ምን ብላ እንደምታስብ ያውቃሉ?» አልኳቸው። ያውቃሉ። «ካንሰር አለብኝ ብላት ታለቅሳለች። ጨረር በሆዴ ይዤ መጣሁ ብላት ደግሞ መንደሩ ሁሉ ይሸሸኛል። ፕሮስቴት ማለት… አንተም ወንድ ነህ፣ ይገባሃል። ለሴት ልጅ ይነገራል?» አሉኝ።

ወረቀቱን አብረን አነበብነው። የሚለው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሕፃን ጭን ላይ ለረጅም ጊዜ አታስቀምጡ፣ ከነፍሰ ጡር ጋር ተጠጋግታችሁ ብዙ ሰዓት አትቆዩ፣ አንድ ሜትር ያህል ራቅ በሉ ነው። አዮዲን-125 የሚያወጣው ጨረር ደካማ ነው፤ አብዛኛው ከራሱ ከሰውየው ሥጋ ሳያልፍ ይቀራል። ጥንቃቄው የተጻፈው ልጆችና ፅንስ ከማንም በላይ እንዲጠበቁ ነው እንጂ አቅፎ መሳም ክልክል ነው አይልም። እሳቸው ግን ፈርተው ሁሉንም ነገር ከልክለውታል፤ ከአንድ መሶብ እንኳ አይበሉም ነበር!

ይህን በግልጽ ልጻፈው፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ፍሬዎቹ የታሸጉ ናቸው። ምራቅ፣ ላብ፣ ሽንት ጨረር አይኖረውም። ከአንድ ማዕድ መብላት፣ መጎራረስ፣ በአንድ ስኒ ቡና መጠጣት፣ በአንድ ሽንት ቤት መጠቀም ይቻላል። እንቅርት በተለመደበት በእኛ ደጋ ለእንቅርት የሚሰጠውን ጨረራማ አዮዲን የሰማ ሰው ሊምታታበት ይችላል። እሱ የሚዋጥ ነው፤ በሽንትና በላብ ስለሚወጣ ጥንቃቄው ይለያል። ስሙ አንድ ቢሆንም ነገሩ ሌላ ነው። በፕሮስቴቱ ሕክምና አልፎ አልፎ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዲት ፍሬ ከሽንት ጋር ልትወጣ ትችላለች። ያኔ በእጅ አትነካም፤ በማንኪያ ወይም በወረንጦ ተነሥታ ክዳን ባለው ዕቃ ትቀመጥና ሕፃናት ከማይደርሱበት አርቆ ለሐኪም መደወል ነው።

«እና ሁለት ወሩ መቼ ነው የሚያልቅ?» አሉኝ።

«ትናንት አለቀ» አልኳቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። በጣታቸው ቆጠሩ። ጥቅምት መጨረሻ፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉት፤ እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ለልጃቸው የነገሯት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። የፈሩት አልደረሰም። አለቀሰች፤ ያለቀሰችው ግን ተናዳ ነው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ!» ትላለች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስቀየምህ!»

ቱቦው በአራተኛው ቀን ሲወጣ መሽናት አልቻሉም፤ ተመልሶ ገባ። ተስፋ ቆርጠው ነበር። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ፣ በልጃቸው ፊት፣ መዋጥ ጀምረዋል። ጠላና አረቄ ቀርቷል፤ ቡናም ለጊዜው ተቀንሷል፣ ፊኛን ያስቆጣልና (ይህኛው ከሁሉም በላይ ከብዷቸዋል)። ጥምቀትን ፋሲለደስ መዋኛ ገብቼ ልጠመቅ ይሉኝ ነበር። ጸበሉ ለፍሬዎቹ ምንም አያደርግም፤ የሽንት ቱቦ እንደያዙ ውሃ ውስጥ መግባት ግን ኢንፌክሽን ይጋብዛል። ራቅ ብለው ይረጩ ተባባልን። ሳንባቸው ውስጥ ያለችውን ፍሬ ምንም አላደረግናትም። ራጁን ግን በስልካቸው ፎቶ አንሥቼ ሰጠኋቸው፤ ነገ ሌላ ሐኪም ጥይት ነው እንዳይላቸው።

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ያለውን ሁሉ እናያለን፤ ካርዱን የሚያይ የለም። እንዲህ ያለ ሕክምና ያደረጋችሁ ካላችሁ ካርዳችሁን ይዛችሁ ተጓዙ፤ ፍሬዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያና የድንበር የጨረር መፈተሻዎችን ሊያስጮሁ ስለሚችሉም ያስፈልጋችኋል። የካርዱን ፎቶ ደግሞ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ላኩለት። ልጆች ሆይ፣ እናንተም ሐኪም አባታችሁን ሲጠይቅ «አንዴ ልውጣላችሁ» በሉ። እኔም ከዚያ ሌሊት ወዲህ ማንንም አባት በልጁ ፊት ስለ ፕሮስቴት አልጠይቅም።

በከተራ ዕለት ጠዋት ቱቦውን ለሁለተኛ ጊዜ አወጣነው። ታቦታቱ የሚወጡበት ቀን ስለሆነ ከውጭ የሰው ድምፅ ይሰማል። ብዙ ውሃ ጠጡ፣ ኮሪደሩን እየተመላለሱ ዞሩት። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ሽንት ቤት ገቡ። ልጃቸው፣ እኔና ሲስተሯ በሩ ላይ ቆመናል፤ ሦስታችንም የምናዳምጥ አንመስልም፣ ሦስታችንም እናዳምጣለን። ሲወጡ ማስለኪያውን ዕቃ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው ነው። 280 ሚሊ ሊትር።

ሕፃኗን አማቻቸው ይዟት መጥቶ ነበር። ወንበር ላይ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት። እሷ ግን እስከዚያ ቀን ሲሸሿት የነበሩ ሰው ናቸውና አየቻቸው፣ አለቀሰች፣ ወደ አባቷ ትከሻ ዞረች። እንደገና ዘረጉ፤ እንደገና አለቀሰች። በሦስተኛው ከኪሳቸው ብስኩት አወጡ። ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ወረደችና ብስኩቱን ተቀብላ፣ ፊቷን ወደ እኛ አድርጋ፣ ጭናቸው ላይ ቁጭ አለች።